«ዜድ እኮ የለም!»፦ ደሴ ቁጭ ብሎ የኮምቦልቻን ቢሮ ፎልደር መክፈት ሲያቅት

«ወንድሜ፣ ዜድ እኮ የለም!»

ስልኩ የተደወለው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ደዋይዋ ኮምቦልቻ ያለ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ሂሳብ ሠራተኛ ናት። ቤቷ ግን ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ቢሮ ትገባለች፤ ሌላውን ቀን ከቤቷ በቪፒኤን፣ ማለትም ላፕቶፗን በኢንተርኔት በኩል ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በሚያገናኝ ስውር መስመር፣ ትሠራለች። ዜድ የምትለው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውን የሂሳብ ፎልደር ነው። ላፕቶፗ ላይ እንደ ሲ እና ዲ ሁሉ አንድ ድራይቭ ሆኖ ይታያታል። ያን ማታ ግን ቀይ ኤክስ ተለጥፎበታል። የወር መጨረሻ ነበር።

«አብሽሪ» አልኳት። አጉል ድፍረት ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድራይቩን እያጠፋን መልሰን ሠራን። ፓስወርድ ቀየርን። ላፕቶፑን ሦስት ጊዜ አጥፍተን አበራን። ወይ ፍንክች! በነጋታው ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ነገሩ ለካ ሌላ ነው፤ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ አዲስ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ሰጥቶታል። መጨረሻው 20 የነበረው 23 ሆኗል። ለሦስት ቁጥር ልዩነት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም በሐረጎ ጭጋግ!

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ቅደም ተከተል አበጀሁ። መጀመሪያ መንገዱን አያለሁ፣ ቀጥሎ በሩን፣ በመጨረሻ ቁልፉን። መንገዱ ቪፒኤኑ ነው። በሩ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ፋይል የሚያቀብልበት ፖርት ነው። ቁልፉ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ነው። አብዛኛው ሰው፣ እኔም ያን ማታ፣ ከቁልፉ ይጀምራል። መንገዱ ተዘግቶ ቁልፍ ብትቀያይሩ ምን ሊፈይድ?

እዚህ የጻፍኩት ለዊንዶውስ ነው። ትዕዛዞቹን ለንባብ እንዲመቹ በእኛ ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ የሚገቡት ግን በላቲን ፊደል ነው። ለምሳሌ ያህል የቢሮው ኔትወርክ 192.168.40 ብሎ የሚጀምር፣ ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር 192.168.40.20፣ ቪፒኤኑ ለላፕቶፑ የሚሰጠው አድራሻ ደግሞ 10.8.0.2 ነው እንበል። እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

መንገዱ፦ ቪፒኤኑ እውነት ተገናኝቷል?

መጀመሪያ ተራውን ነገር እዩ። ኢንተርኔት አለ? ቢሮ መብራት አለ? ስቄ አይደለም የምጠይቀው። ወደ ቢሮ ደውሎ «መብራት አለ ወይ?» ማለት አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ብዙ ማታ አድኖኛል።

ቀጥሎ ቪፒኤኑ «ተገናኝቻለሁ» ስላለ ብቻ አትመኑት። በተለይ ዋየርጋርድ የሚባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ይህችን ልብ በሉ። ዋየርጋርድ አረንጓዴ ሆኖ «አክቲቭ» ይላል፤ ያ ማለት ግን እናንተ ጋ ያለው ጫፍ በርቷል ማለት ብቻ ነው። ወዲያኛው ጫፍ መመለሱን የምታውቁት «ሌተስት ሃንድሼክ» (ሁለቱ ጫፎች መጨረሻ የተጨባበጡበት ጊዜ) ከሚለው መስመር ነው። መስመሩ ከሌለ፣ ወይም ከብዙ ደቂቃ በፊት ካለ፣ አልተገናኛችሁም። አንድ ነገር እየላካችሁ ከሆነ ሃንድሼኩ በየሁለት ደቂቃው ገደማ መታደስ አለበት።

ሃንድሼክ ከሌለ እኔ የማያቸው ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ የቢሮው የውጭ አይፒ ተቀይሯል። ቋሚ አይፒ ያልገዛ ቢሮ ራውተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ሌላ ሊደርሰው ይችላል። መፍትሔው ቋሚ አይፒ መጠየቅ ወይም አድራሻውን በስም የሚከታተል ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ራውተሩ ላይ መሙላት ነው።

ሁለተኛ፣ ቢሮው የሚጠቀመው በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደክማል። በሞባይል ኔት ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አይፒ ስለሚጋራ ከውጭ ወደ እናንተ ራውተር መግባት አይቻልም። ለማረጋገጥ ራውተሩ ገጽ ላይ ያለውን የዋን አይፒ (ራውተሩ በኢንተርኔቱ በኩል የያዘውን አድራሻ) እዩ። በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የጋራ ነው። ፖርት መክፈት ምንም አይረዳም፤ አትልፉ። እንደ ቴይልስኬል ያለ፣ ሁለቱም ጫፍ ወደ ውጭ እየደወሉ የሚገናኙበትን ቪፒኤን ተጠቀሙ።

ሦስተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ይሄ ያስቃል ግን እውነት ነው። የላፕቶፑ የማዘርቦርድ ባትሪ ሲሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዋየርጋርድ ደግሞ ካለፈው ጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ይዞ የመጣን ሃንድሼክ አይቀበልም። አንዴ የገጠመኝ ግን ባትሪም አልነበረም። የቤቱ ልጅ ካላንደሩ «ተሳስቷል» ብሎ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አስተካክሎታል! ላፕቶፑ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ሄዶ ቁጭ ብሏል። ዌብሳይቶችም «ሰርተፊኬቱ ልክ አይደለም» ማለት ጀምረው ነበር፤ ምልክቱ እሱ ነው።

ሁለት ቤት በአንድ ቁጥር

ቪፒኤኑ ተገናኝቷል፣ ሃንድሼክ አለ፣ ግን ፎልደሩ የለም። እንግዲህ የቤታችሁንና የቢሮውን ኔትወርክ ቁጥር አስተያዩ። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ «አይፒኮንፊግ» ብላችሁ ጻፉ። የዋይፋያችሁ አድራሻ 192.168.1.7 ነው እንበል። የቢሮው ኮምፒውተርም 192.168.1.20 ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት።

ለምን መሰላችሁ? ላፕቶፑ 192.168.1.20ን ሲፈልግ «ይሄማ እዚሁ ጎረቤት ነው» ይላል። ሆጤ ያለው ቤት ውስጥ ይፈልገዋል እንጂ ወደ ቪፒኤኑ አይልከውም። አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰፈሮች እንደማለት ነው። ደብዳቤው ከሰፈር ሳይወጣ ይቀራል።

ይህ ግጭት በጣም የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ራውተር ከፋብሪካ ሲወጣ 192.168.1 ወይም 192.168.0 ተሞልቶ ነው። እውነት መሆኑን ለመፈተሽ ዋይፋዩን ትታችሁ በስልክ ሆትስፖት ተገናኙ። ስልኩ ሌላ ቁጥር ስለሚሰጥ ዜድ ድንገት ከተከፈተ ጥፋቱ ተያዘ ማለት ነው። ዘላቂው መፍትሔ የአንዱን ቁጥር መቀየር ነው። እኔ የቢሮውን መቀየር እመርጣለሁ፤ ቢሮው አንድ ነው፣ ሠራተኛው ቤት ግን ብዙ። ለዚህ ነው የእኛን 192.168.40 ያደረግነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቢሮውን ስትቀይሩ ፕሪንተሩም አብሮ ይጠፋል። ቀድማችሁ ተዘጋጁ፣ አለዚያ በነጋታው ደረሰኝ ማተም ያቃተው ካሸር ነው የሚደውልላችሁ።

እግረ መንገዳችሁን የዋየርጋርድ ፋይል ላይ «አላውድ አይፒስ» የሚለውን መስመር እዩ። የቢሮው ኔትወርክ፣ ማለትም 192.168.40.0/24፣ እዚያ ካልተጻፈ ላፕቶፑ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለውም። ሁሉንም ትራፊክ በቪፒኤን የሚያሳልፈውን 0.0.0.0/0 ግን ካልፈለጋችሁ አትጻፉ። ዩትዩቡ ሁሉ በቢሮው ኢንተርኔት ዞሮ ይመጣና ዳታው ሁለት ቦታ ይበላል።

በሩ፦ ፖርት 445

አሁን ፓወርሼል ክፈቱ። «ቴስት-ኔትኮኔክሽን 192.168.40.20 -ፖርት 445» ብላችሁ ጻፉ። ዊንዶውስ ፋይል የሚያጋራበት ኤስኤምቢ የሚባለው ቋንቋ በዚህ ፖርት ነው የሚያልፈው። መጨረሻው መስመር ላይ «ትሩ» ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ወደ ቁልፉ እለፉ። «ፎልስ» ካለ እዚሁ ቆዩ። ፒንግን (ኮምፒውተሩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚሞክረውን ትዕዛዝ) ብቻ አትመኑ። ፋየርዎሉ (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚከለክለው መከላከያ) ፒንግን ከልክሎ 445ን ሊፈቅድ ይችላል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ።

ፎልስ ካለ ቢሮ ያለ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ «አይፒኮንፊግ» ብሎ ቁጥሩን እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። እኔን ሐረጎን ያስወረደኝ ይሄ ነው። ቁጥሩ ተቀይሮ ከሆነ ራውተሩ ላይ ገብታችሁ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» በሚለው ቦታ ለዚያ ኮምፒውተር 20ን ያዙለት። ከዚያ በኋላ መብራት መቶ ጊዜ ቢሄድ ቁጥሩ አይነቃነቅም።

ቁጥሩ ልክ ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የዚያ ኮምፒውተር ፋየርዎል ነው። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሂሳብ ሠራተኛዋ ቢሮ ስትገባ ፎልደሩ ይከፈታል። ቤቷ ስትሆን አይከፈትም። «ስለዚህ ቢሮው ደህና ነው፣ ጥፋቱ ከቪፒኤኑ ነው» ይባላል። ስህተት። የዊንዶውስ ፋየርዎል በፕራይቬት ኔትወርክ ላይ ፋይል ማጋራትን የሚፈቅደው ለራሱ ሰፈር ብቻ ነው። ደሴ ያለው ላፕቶፕ የሚመጣው 10.8.0.2 ሆኖ ነው። ለቢሮው ኮምፒውተር ባዳ ነው፤ በሩን አይከፍትለትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ የፋየርዎሉን «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ክፈቱ። «ኢንባውንድ ሩልስ» ውስጥ «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» በሚል የሚጀምሩት መአት ናቸው። መጨረሻው ላይ «ኤስኤምቢ ኢን» የሚለውንና የበራውን ፈልጉ። ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጋችሁ «ስኮፕ» ወደሚለው ግቡ። «ሪሞት አይፒ» ስር «ሎካል ሰብኔት» የሚል ታያላችሁ። እሱን ሳትነኩ ከሥሩ 10.8.0.0/24 ጨምሩ። ኦኬ። ወዲያው ደሴ ያለው ሰው ሙከራውን ይድገም፤ ፎልሱ ትሩ ይሆናል። ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፍቶ «ሠራ!» የሚል ባለሙያ ከመጣ ግን አታመስግኑት።

ሌላም አቋራጭ የሚነግራችሁ አይጠፋም። «ቪፒኤን ምን ያደርጋል፣ ራውተሩ ላይ 445ን ለኢንተርኔት ክፈተው» ይላል። በፍጹም። በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ በኤስኤምቢ ቀዳዳ ነው።

ፒንግ አለ፣ ፎልደሩ ግን ይንጠለጠላል

ይህኛው ለብቻው ይነገር። 445 ትሩ ይላል። ፎልደሩ ይከፈታል፣ ስሞቹ ይታያሉ። ፋይሉን ስትከፍቱ ግን ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ይሞታል። ትንሽ ነገር ያልፋል፣ ትልቅ ነገር ይቀራል ማለት ነው። ጠባብ ድልድይ ላይ ባጃጅ አልፎ ሲኖትራክ እንደሚቆመው ነው።

የፓኬቱ መጠን ነው ችግሩ። ተራው ኢተርኔት 1500 ባይት ይሸከማል፤ ቪፒኤኑ የራሱን መጠቅለያ ስለሚጨምር ከዚያ ያነሰ ነው የሚተርፈው። ለመለካት «ፒንግ 192.168.40.20 -ኤፍ -ኤል 1372» ብላችሁ ሞክሩ። ይህ ከነራስጌው 1400 ባይት ይሆናል። ካላለፈ 1300፣ ከዚያ 1252 እያላችሁ ውረዱ። ባለፈው ላይ 28 ደምሩ፤ ያ ነው የመንገዱ ልክ። በዋየርጋርድ ፋይል ውስጥ «ኤምቲዩ» ብላችሁ ያንን ቁጥር ጻፉ። እኔ መለካት ሲሰለቸኝ በቀጥታ 1280 እጽፋለሁ። እስካሁን አላሳፈረኝም።

ቁልፉ፦ ስምና ፓስወርድ

መንገዱም በሩም ደህና ከሆነ አሁን ፓስወርድ እናውራ። መጀመሪያ የድሮውን አጽዱ። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ኔት ዩዝ ዜድ፡ /ዲሊት» በሉ። ቀጥሎ ከኮምፒውተሩ ስም ይልቅ በአይፒ አዲስ ሥሩ። ስሙ ቢሮ ውስጥ የሚሠራው ኮምፒውተሮቹ እዚያው ተጠራርተው ስለሚተዋወቁ ነው፤ ያ ጥሪ ብዙውን ጊዜ ቪፒኤኑን አያልፍም። በስም የግድ ነው ካላችሁ ላፕቶፑ ላይ ሆስትስ በሚባለው፣ ስምን ከአይፒ ጋር በሚያዛምደው ፋይል ውስጥ ስሙንና አይፒውን አንድ መስመር ላይ ጻፉ።

ዊንዶውስ የሚሰጠውን የስህተት ቁጥር አትዝለሉት። ሰው ስክሪን ፎቶ ሲልክልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። 53 ካለ መንገዱ ወይም በሩ ነው፤ ወደ ላይ ተመለሱ። 67 ካለ ኮምፒውተሩ ተገኝቷል፣ የሼሩ (የተጋራው ፎልደር) ስም ግን ተሳስቷል። 1326 ስም ወይም ፓስወርድ ነው። 5 ካለ ገብታችኋል፣ ግን ፈቃድ የላችሁም፤ የሼሩንም የፎልደሩንም ፈቃድ ሁለቱንም እዩ። 85 ዜድ በሌላ ነገር ተይዟል ማለት ነው።

1219 ግን ራስ ያዞራል። ዊንዶውስ ወደ አንድ ኮምፒውተር በሁለት የተለያየ ስም በአንዴ መግባት አይፈቅድም። ጠዋት ሳታስቡት በሌላ ስም ከፍታችሁ ከሆነ ማታ በትክክለኛው ስም ስትሞክሩ ይከለክላችኋል። «ኔት ዩዝ * /ዲሊት» ሁሉንም ያጸዳል። ከዚያም «ክሬዴንሻል ማኔጀር» ውስጥ ገብታችሁ በዚያ አይፒ የተቀመጠውን የድሮ ፓስወርድ አጥፉ።

1326 ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሰዎች ፒን ያስገባሉ። ኮምፒውተሩን የሚከፍቱበት አራት ወይም ስድስት ቁጥር ለዚያ ማሽን ብቻ ነው፤ በኔትወርክ አይሠራም። የአካውንቱ ፓስወርድ ነው የሚፈለገው። ሁለተኛው፣ ፓስወርድ የሌለው አካውንት ነው። ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድ ይዞ በኔትወርክ የሚመጣን አያስገባም። ስሙንም ስትሞሉ ከፊቱ የቢሮውን ኮምፒውተር ስም አስቀድሙ፤ አለዚያ ላፕቶፑ የራሱን ስም ለጥፎ ይልከዋል።

የዊንዶውስን የራሱን ቪፒኤን ለምትጠቀሙ አንዲት ስውር ነገር አለች። ቪፒኤኑ ከተገናኘ በኋላ ዊንዶውስ ለፎልደሩም የቪፒኤኑን ስምና ፓስወርድ ይሞክራል። ሁለቱ የተለያዩ ከሆኑ ትክክለኛ ፓስወርድ ይዛችሁ ትባረራላችሁ። «ራስፎን ዶት ፒቢኬ» የሚባለውን ፋይል በኖትፓድ ከፍታችሁ «ዩዝ ራስ ክሬዴንሻልስ» ፊት ያለውን 1 ወደ 0 ቀይሩ።

አዲስ ላፕቶፕ የገዛም ይጠንቀቅ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ከሚባለው ዝማኔ ጀምሮ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት የሚከፈት ሼርን አይቀበልም። የቆየ፣ በኔትወርክ ፋይል የሚያስቀምጥ ሳጥን ያላቸው ቢሮዎች «አዲሱ ላፕቶፕ ብልሹ ነው» ይላሉ። ብልሹው ሳጥኑ ነው፤ ስምና ፓስወርድ ሥሩለት።

ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ቀይ ኤክስ

ይህ እንኳን ብልሽት አይደለም፣ የጊዜ መቀዳደም ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ዜድን ይፈልጋል፤ ቪፒኤኑ ግን ገና አልተገናኘም። ስለዚህ ኤክስ ይለጥፍበታል። ቪፒኤኑ ከተገናኘ በኋላ ዜድን ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ዴስክቶፕ ላይ ትንሽ የባች ፋይል ሥሩ። አንዱ መስመር ዜድን ያጠፋል፣ ሌላው መልሶ ይሠራዋል። በሂሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ላይ «ዜድ ና» ብዬ ሰይሜዋለሁ። ቡናዋን እስክታፈላ ቪፒኤኑ ይገናኛል፤ ከዚያ «ዜድ ና»ን ትጫናለች።

ዜድ እየታየ አንድ ፕሮግራም ብቻ «የለም» ካለ፣ ፕሮግራሙ በአድሚኒስትሬተር ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ያ ዜድን አያየውም። በተራ ክፈቱት።

ፒችትሪን በዚህ መንገድ አትክፈቱ

ብዙ ሂሳብ ሠራተኛ ይህን ስለሚሞክር ልናገር። ኤክሴልና ወርድ በቪፒኤን ይሠራሉ፤ ትልቅ ከሆነ ወደ ላፕቶፕ ገልብጦ ሠርቶ መመለስ ይሻላል። እንደ ፒችትሪ ያለ የሂሳብ ፕሮግራም ግን ዳታውን በዜድ በኩል ከደሴ መክፈት ጣጣ ነው። ለአንዲት ደረሰኝ በመቶ የሚቆጠር ጥያቄ ይመላለሳል፤ ኔቱ መሀል ላይ ቢቆረጥ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። እዚያ ላይ ሪሞት ዴስክቶፕ ተጠቀሙ። ፕሮግራሙ ኮምቦልቻ ይሠራል፣ ደሴ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ለዚህ የቢሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ ሆም ከውጭ አያስገባም።

ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ካልነቃ

በመጨረሻ ሁለት ቅንብር። ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር እንዳይተኛ «ስሊፕ»ን «ኔቨር» አድርጉት። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲበራ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ስሙ እንደ ማዘርቦርዱ ይለያያል፤ «ኤሲ ፓወር» የሚል ቃል ያለበትን ፈልጉ፣ «ኦን» አድርጉት። ይህ ሳይደረግ በፊት ማታ ማታ ዘበኛውን ነበር የምናስቸግረው። «አባባ፣ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን ክብ ነገር አንዴ ይጫኑልን» እንላለን። አንድ ማታ ስታቢላይዘሩን አጥፍተውልን ነበር። አሁን ማሽኑ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ አይፒው 192.168.40.20፣ ከሥሩ ወደ ማብሪያው የሚጠቁም ትልቅ ቀይ ቀስት።